የበቆሎ ፌስታልም ቢሆን ጣና ከገባ ፌስታል ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ላይ ችግኝ አፍልቼ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጌሾ፣ ቡና፣ አቮካዶ፣ ግራቪሊያ፣ ሰው የጠየቀኝን ሁሉ አፈላለሁ። ፕላስቲክ ከእጄ አይጠፋም። እኔ የማፈላው ችግኝ ያለ ላስቲክ አያድግም፤ ገዢውም ያለ ፌስታል ይዞት አይሄድም። ስለዚህ ፌስታል ተከለከለ ሲባል ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሜ ጆሮዬን ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። አይዟችሁ፣ ከበቆሎ የተሠራ ፌስታል መጥቷል፣ ራሱ በስብሶ ይጠፋል፣ እንደ ድሮው መጣል ትችላላችሁ ይሉናል። ነጋዴው ይለዋል፣ ስብሰባ ላይ ይባላል፣ ቲክቶክ ላይማ አይጠየቅም። ጋዜጦችም ስለ ክልከላው ሲጽፉ ለአካባቢ ተስማሚ በሆነ ምርት ይተካል ብለው አንድ መስመር ጣል ያደርጉና ያልፋሉ። ደብዳቤዬ ስለዚያች አንድ መስመር ነው።

ከእጽዋት ፕላስቲክ መሠራቱን አልቃወምም። የምቃወመው "እንደ ድሮው ጣሉ" የምትለዋን ነው። ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ከተጣለ በኋላ የት ነው የሚያርፈው? ባሕር ዳር ላይ ይህን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። የሰኔ ዝናብ በጣለ ማግስት የጎርፍ ቦዩን ተከትላችሁ ወደ ሐይቁ ውረዱ። ፌስታሉ፣ የሃይላንድ ጠርሙሱ፣ የጁስ መምጠጫው፣ ጫት የተጠቀለለበት ላስቲክ ሁሉ ደንገሉ ሥር ተጠቅጥቆ ታገኙታላችሁ። እዚያ ያልቀረው ዓባይን ይዞ ይወርዳል።

አሁን ስለ ዕቃው ራሱ ላውራ። በብዛት የሚነገርለት ፒኤልኤ የሚባለው ነው። ከበቆሎ ስታርች ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ይወጣል፣ ስኳሩን ባክቴሪያ ታብላላዋለች፣ ላክቲክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው እሱው ነው። ፋብሪካው ያንን አሲድ እያያያዘ ረጅም ሰንሰለት ያደርገውና ፕላስቲክ ሆኖ ይወጣል። ኩባያ ይሠራበታል፣ ማንኪያ ይሠራበታል፣ የምግብ ዕቃ ይሠራበታል። (ትኩስ ሻይ እንዳትቀዱበት ግን፤ ንጹሑ ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይልፈሰፈሳል።)

ይኼ ዕቃ በስብሶ አፈር እንዲሆን ሙቀት ይፈልጋል። ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር፣ ያውም ለሳምንታት። እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው በፋብሪካ ደረጃ በሚሠራ የኮምፖስት ማዕከል ውስጥ ነው። ኢኤን 13432 የሚባለው የአውሮፓ መለኪያ አንድን ከረጢት ኮምፖስት ይሆናል ብሎ የሚያሳልፈው በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ በ6 ወር ውስጥ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ ነው። ስለ ሐይቅ አያወራም፣ ስለ ቦይም አያወራም። የጣና ውሃ ደግሞ ሲሞቅም ሃያዎቹ ዲግሪ ውስጥ ነው። እዚያ የወደቀ የፒኤልኤ ኩባያ ከተራው ፕላስቲክ ብዙም ሳይለይ ለዓመታት ይቆያል።

ከዚህ የባሰም አለ፤ ይህንን ሲናገር የሰማሁት ሰው የለም። ተራው ፌስታል ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ስለዚህ እናየዋለን፣ እናፍራለን፣ ወጣቶች በዘመቻ ወጥተው ይለቅሙታል። ፒኤልኤ ግን ከውሃ ይከብዳል። ይሰምጣል። ጣና ስፋቱ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ በራቀበት ቦታ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ጭቃው ላይ አምባዛው ይርመሰመሳል። ከጣና በቀር በዓለም የትም የማይገኙ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉበት። ዩኔስኮም በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። እዚህ ሐይቅ ወለል ላይ የሰመጠውን ማን ይለቅመዋል? ከላይ ሲታይ ሐይቁ የጸዳ ይመስላል፣ ፎቶም ያምራል፤ እኛም ክልከላው ሠርቷል ብለን እናጨበጭባለን።

"የሚበሰብስ" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። ሁሉም ላይ ያቺ አረንጓዴ ቅጠል ተስላበታለች። አንዱ እውነትም ስታርች አለበት፤ ግን ስታርች ብቻውን ውሃ ሲነካው ስለሚሟሽሽ ፒባት ከሚባል ከነዳጅ ከሚሠራ ሌላ ፕላስቲክ ጋር ይደባለቃል። ከነዳጅ ቢሠራም ፒባት ይበሰብሳል፤ ይኼ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ ብራዚል ውስጥ ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራው ፖሊኢቲሊን ከእጽዋት መጣ እንጂ ከነዳጁ ፖሊኢቲሊን ምንም አይለይም፣ አይበሰብስም። ሦስተኛውና የሚያናድደኝ ተራ ፕላስቲክ ሆኖ የብረት ጨው ጣል የተደረገበት ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ይሰባበራል፣ ይደቃል፣ ዓይን እንዳያየው ይሆናል፤ ጠፋ እንላለን። የትም አልጠፋም፣ አንሶ ነው እንጂ። ኦክሶ ይሉታል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያው አስወጥቶታል። እዚያ የተባረረ ዕቃ የት ገበያ እንደሚፈልግ ለነጋዴ አይነገርም።

እንግሊዝ አገር የፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። የተለያዩ ፌስታሎችን አፈር ውስጥ ቀበሩ፣ ባሕር ውስጥ ነከሩ። ይበሰብሳል የተባለው ፌስታል ከ3 ዓመት በኋላም የገበያ ዕቃ ችሎ ወጣ። ኮምፖስት ይሆናል የተባለው ግን ባሕር ውስጥ በ3 ወር ድራሹ ጠፋ፤ አፈር ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ከ2 ዓመት በኋላም ነበር፣ ዕቃ ሲጨመርበት ግን ተቀደደ። እንግዲህ ስሙ ተመሳሳይ፣ ሥራው ለየቅል። ጣና ባሕር አይደለም፤ እዚያ የሆነው እዚህ ይሆናል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ማንም ሳይሞክርልን ይጠፋል ማለት ወሬ ነው።

እኔም በአቅሜ ሞክሬአለሁ፣ ላብራቶሪ ባይኖረኝም የኮምፖስት ክምር አለኝ። ፍግ፣ የጫት ገረባ፣ ከሐይቁ የወጣ እምቦጭ እየደራረብኩ የምሠራው ነው። ጠዋት ሲገለጥ ይጨሳል፣ ውስጡ እጅ አያስገባም። እዚህ ገበያ ላይ የሚበሰብስ ነው ተብሎ የተሸጠልኝን አንድ ፌስታልና፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ዕቃ ቋጥሮበት የመጣውን የበቆሎ ከረጢት መሐሉ ላይ ቀበርኳቸው። ክምሩን ስገለብጥ የዘመዴ ከረጢት ልጋግ መስሎ ነበር፣ በሚቀጥለው ሲገለበጥ የለም። የገበያው ፌስታል ከነቅጠል ሥዕሉ ወጣ። አጥቤው ቲማቲም ልይዝበት ምንም አልቀረኝም። ሻጩን ብጠይቀው "እኔም የተባልኩትን ነው የምልህ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እሱስ በምን ያውቃል?

ሕጉ ምን ይላል ካላችሁ ሕግ አጥተን አናውቅም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረት፣ እንዳይገባም ከልክሎ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ ስንት ስስ ፌስታል በእጃችን አለፈ? ነፋስ የሚያነሳት ያቺ ጥቁሯ፣ ቲማቲም ሲያዝባት የምትበሳዋ፣ ስንት ዓመት አብራን ኖረች? በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ጠንከር ብሏል፤ ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ይቀጣል ተብሏል። ደንብ አስከባሪው ጎመን የገዛችን እናት አስቁሞ ይቀጣ ይሆናል። ግን የያዘችው ፌስታል የሚበሰብስ ይሁን የማይበሰብስ በምን ያውቃል? በእጁ ዳብሶ? ቅጠሏን አይቶ? ቅጠሏን ማንም ማተሚያ ቤት ያትማታል።

ኬንያዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ፌስታል ሲከለክሉ ገበያው ወዲያው ጨርቅ የሚመስል ቦርሳ ይዞ መጣ። ጨርቅ አልነበረም፣ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ማለትም ማዳበሪያ የምንለው ጆንያ የሚሠራበት ፕላስቲክ። በ2019 እሱንም ከለከሉት። ያ ቦርሳ ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ በየሱቁ አለ፣ ባለ ማንጠልጠያው፣ በየቀለሙ። ፀሐይ ላይ ሲከርም ክር ክር እያለ ይረግፋል። ሰው ግን ጨርቅ ያዝኩ ብሎ ነው የሚሄደው። ለገበያ ለገበያማ ከበቆሎም ከነዳጅም የተሠራ ከረጢት አያስፈልገንም ባይ ነኝ። ዘምቢል አለ። ዘምቢል ይዞ ገበያ መውጣት አሮጊት ያስመስላል የሚል ወጣት ካለ፣ ያስመስለው።

ከእጽዋት የተሠራ ፕላስቲክ ታዲያ የት ይጠቅማል? አፈር ውስጥ ገብቶ እዚያው መቅረት ያለበት ቦታ ላይ። ወደ እኔ ሥራ መጣሁ ማለት ነው።

የችግኝ ላስቲክ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ጥቁር ቱቦ ሆኖ በጥቅል ይመጣል። ይቆረጣል፣ አፈር፣ ፍግና አሸዋ ተደባልቆ ይሞላበታል፣ መደብ ላይ ይደረደራል። ሙሊት የሚጀመረው ከታኅሣሥ አካባቢ ነው፣ ተከላው ሐምሌ ነው። በዚህ መሐል በየቀኑ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩ ይቆረጣል፣ ይታረማል። ሐምሌ ላይ ተካዩ ላስቲኩን በምላጭ ቀዶ አውጥቶ፣ አፈሩ ሳይፈርስ ችግኙን ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። ይኼ ነው ደንቡ። የሚሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰዉ በመኪና ተጭኖ መጥቷል፣ ካሜራ አለ፣ ምላጭ የለም። ግማሹ ከነላስቲኩ ይቀብረዋል። ሥሩ መውጫ ሲያጣ እዚያው ውስጥ ይጠማዘዝና ዛፉ ሁለት ሦስት ዓመት ከርሞ ይደርቃል፣ ወይ ነፋስ ይጥለዋል፤ ከዚያ ችግኙ ደካማ ነበር ተብሎ እኔ እወቀሳለሁ። ሌላው ደግሞ በጥርሱ ይቀድና ላስቲኩን ጉድጓዱ ዳር ጥሎት ይሄዳል።

ቁጥሩን አስቡት። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነግሮናል። ሁሉም በላስቲክ የፈላ አይደለም፣ ያለ ላስቲክ በመደብ ላይ የሚፈላም አለ። ግን ከዚያ ውስጥ ትንሿ ድርሻ እንኳ በላስቲክ የፈላች ብትሆን፣ ላስቲኩ የት ነው ያለው? ለቅሞ የመለሰ ሰው አላየሁም። ለአገር ልማት ብለን በሄድንበት ኮረብታ ላይ ጥቁር ቁርጥራጭ ዘርተን ተመልሰናል፤ ክረምቱ ደግሞ ጠርጎ በጉማራውም በርብም በግልገል ዓባይም አድርጎ ወደ ጣና ያወርደዋል።

እዚህ ላይ ነው የሚበሰብስ ላስቲክ ያስፈልጋል የምለው። ከነልብሱ ይቀበራል፣ ምላጭ አያስፈልግም፣ ሥሩ በስቶ ይወጣል፣ ላስቲኩ አፈር ይሆናል። በወሬ ደረጃ ይህን ያህል ቀላል ነው። በሥራ ግን ሁለት ነገር እርስ በርሱ ይጣላል። ላስቲኩ ሰባት ወር ያህል በየቀኑ ውሃ እየጠጣ መደብ ላይ መቆም አለበት፣ መሬት ሲገባ ደግሞ መፍረስ አለበት። ስታርች የበዛበት ከሆነ መጋቢት ላይ ታችኛው ተበሳስቶ ችግኙን ስታነሳው አፈሩ እጅህ ላይ ይበተናል። ፒኤልኤ የበዛበት ከሆነ ደግሞ አፈራችን ያን ሙቀት ስለማይሰጠው እንደ ጥቁሩ ላስቲክ ይቆያል። ፒኤችኤ የሚባል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ባክቴሪያ በሰውነቷ ውስጥ እንደ ስብ የምታከማቸው ነው፣ አንድ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት በ1926 እ.ኤ.አ. ያገኘው። እሱ ያለ ብዙ ሙቀት በተራ አፈር ውስጥ በተሕዋስያን ይበላል። ዋጋው ግን ከተራው ፕላስቲክ እጥፍ ድርብ ነው። እኔ ችግኝ በምሸጥበት ዋጋ የሚታሰብ አይደለም፣ መንግሥት ካልደጎመው።

ደግነቱ ለአፈር የሚሆን መለኪያ አለ። ኢኤን 17033 ይባላል፣ ለእርሻ መሬት ማልበሻ ላስቲክ የወጣ ነው። አፈር ውስጥ፣ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ በ2 ዓመት ውስጥ 90 በመቶው መበስበስ አለበት ይላል። ይኼ ለእኛ አገር አፈር ይቀርባል። የችግኝ ላስቲክ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ጨረታ ሲያወጣ "የሚበሰብስ" ብሎ ከሚጽፍ ይህን መለኪያ ያለፈ ብሎ ይጻፍ፣ የምርመራ ወረቀቱንም ይጠይቅ። ቅጠል የሳለ ሁሉ ያኔ ይለያል።

ከዚህም ከዚያም የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ፤ እምቦጭን ለምን ፕላስቲክ አናደርገውም የሚል። ደስ ይላል። እምቦጩ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ጀምሮ ያላልነው የለም። ግን እምቦጭ ከዘጠና በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ ኩንታል አውጥተህ ስታደርቀው የሚተርፍህ አሥር ኪሎ አይሞላም። ለፋብሪካ ያንን ማጓጓዝና ማድረቅ ቀላል ወጪ አይደለም። ይልቅ ቃጫውን ከፍግ ጋር ጨፍልቆ የችግኝ ማሰሮ ማድረግ ቢሞከር ለእኔ ይታየኛል፣ ፕላስቲክ መባሉም ይቅር። ጃዊ ላይ በጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ከአገዳ ተጨምቆ የሚቀረው ገለባም እንዲሁ፤ በሌላ አገር ተጨፍልቆ የምግብ ሳህን ይሆናል። በቆሎውን ግን ለሰው እንተወው፤ ሜጫ ላይ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ገዢው የፌስታል ፋብሪካ ሲሆን በቆሎ በገበያ ላይ ስንት እንደሚገባ ማሰብ አልፈልግም።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ውስጥ ኬሚካል ምህንድስና የሚማሩ ልጆች አሉን። የጣናን ውሃ በጀሪካን ቀድቶ፣ ገበያ ላይ ያለውን እያንዳንዱን "የሚበሰብስ" ፌስታል ነክሮ ማየት ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም፣ ለመመረቂያ ጽሑፍም ይበቃል። ውጤቱን እናንተ አትሙት። የትኛው እንደቆየ፣ የትኛው እንደሰመጠ፣ የትኛው እንደደቀቀ ሰው አይቶ ይግዛ።

ለግብርና ሰዎችም አንድ ነገር አለኝ። የዘንድሮ ሙሊት ሳይጀመር ጥቂት የሚበሰብስ ላስቲክ ተገዝቶ ለአንድ ሁለት ችግኝ ጣቢያ ይሰጥ፣ ከጥቁሩ ጎን ለጎን ይደርደር። ግማሹ ግራቪሊያ ይሁን፣ ግማሹ ቡና፤ ቡናው መደብ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚቆይ ላስቲኩ የሚፈተነው በእሱ ነው። ሐምሌ ላይ ከነልብሱ ይተከል፣ ቦታው ምልክት ይደረግበት፣ በዓመቱ ተቆፍሮ ይታይ። መደብ ከጠፋ የእኔ አለ፣ ውሃውንም እኔ አጠጣለሁ።

ችግኝ አፍይ፣ ከባሕር ዳር